የነሐስ አውራ ዶሮና የወለል ጥራጊ፦ የሮማውያንን ማቅለጫ ቤት በጓሮ የመሞከር ማስታወሻ

ጥቅምት 7

ፈረንሳይ አገር ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት የዕረፍት ወራቴን የማሳልፈው በአንድ የቁፋሮ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ ከሮማውያን ከተሞች የወጣ ገል እያጠብኩና እየለየሁ ነበር። የሳህንና የማሰሮ ስባሪ ቶሎ ይለያል፤ የሚያስቸግረኝ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቀልቶ፣ በጣት ሲነኩት ዱቄት የሚተው የተቃጠለ ጭቃ ነበር። ከምድጃ ይሁን ከግድግዳ፣ ወይም የቀለጠ ነሐስ ከፈሰሰበት ቅርጽ ማውጫ ይሁን መለየት ሲያቅተኝ በከረጢቱ ላይ «የተቃጠለ አፈር፣ ምንነቱ ያልታወቀ» ብዬ ጽፌ አልፈው ነበር። እንደዚያ ያለፍኳቸው ከረጢቶች እስከ ዛሬ ይከነክኑኛል።

ስለዚህ አዲስ አበባ በሚገኘው ጓሯችን አንድ ትንሽ የነሐስ አውራ ዶሮ በሮማውያን መንገድ ለማፍሰስ፣ ከዚያም ወለሉን ጠርጌ የቀረውን ሁሉ ለመመዘን ወስኛለሁ። አውራ ዶሮን የመረጥኩት የነጋዴዎችና የመንገደኞች አምላክ የነበረው የሜርኩሪ ባልደረባ በመሆኑና ትንንሽ የነሐስ ምስሉ በብዙ የሮማ ከተሞች ስለሚገኝ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስቀልና ጌጥ በሰም ሲያፈሱ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሼ ሥራውን ሊመሩልኝ እሺ ብለዋል፤ «ቆሻሻውን ለመመዘን ብሎ ነሐስ የሚያቀልጥ ሰው ግን አይቼ አላውቅም» ብለው መሣቃቸው አልቀረም።

በዐይነ ኅሊናዬ የያዝኳቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛዋ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የተቆረቆረችው አውጉስቶዱኑም፣ የዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ ኦተን ስትሆን፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወታደራዊው ሊሴ ግቢ በተደረገው ቁፋሮ ምድጃውና ማቅለጫ ጽዋው ሳይቀር አንድ ሙሉ የብረታ ብረት ባለ እጆች ሰፈር ወጥቶባታል። ሁለተኛዋ በእንግሊዝ አገር ያለችው ቬሩላሚየም ናት፤ የቁፋሮ ባለሙያው ሼፐርድ ፍሬር በቆፈሩት 14ኛው ኢንሱላ በሚባለው የከተማ ክፍል ውስጥ ነሐስ ይሠራባቸው የነበሩት የእንጨት ሱቆች በ60 ወይም በ61 እ.ኤ.አ. በንግሥት ቡዲካ ዐመፅ ተቃጥለው፣ ያው ቃጠሎ ወለሎቻቸውን ለጥናት አቆይቷቸዋል። ሦስተኛዋ እዚያው እንግሊዝ ያለችው ሲልቸስተር ስትሆን፣ ችሎትና ሸንጎ ይካሄድበት የነበረው ትልቁ የባሲሊካ አዳራሽ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የብረታ ብረት ሠራተኞች መዋያ ሆኖ ነበር። እዚያ የሚበዛው የብረት ቀጥቃጭ ጥራጊ ቢሆንም፣ የከተማው ትልቁ አዳራሽ ወናፍ የሚነፋበት ቤት መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ጥቅምት 12

ዛሬ ብረት ለመግዛት ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ 600 ግራም መዳብና 200 ግራም የሚመዝን የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ የቧንቧውን ቁራጭ «ነሐስ» ሲለኝ አላረምኩትም። በእኛም ቋንቋ ነሐስ የምንለው ቃል መዳብ ከቆርቆሮ የተቀየጠበትንም፣ መዳብ ከዚንክ የተቀየጠበትንም ይይዛል፤ ሮማውያንም «አኤስ» በሚለው አንድ ቃል መዳቡንም ቅይጡንም ይጠሩ ነበር። ቆርቆሮን «ነጭ እርሳስ»፣ እርሳስን «ጥቁር እርሳስ» ይሉ የነበሩ ሰዎች ናቸውና የጽሑፋቸውን ቃል ብቻ ይዞ የቅይጡን ዓይነት ማወቅ አይቻልም። ወደ ገሉ የምንመለሰውም ለዚህ ነው።

የምከተለው የቅይጥ መጠን፣ በ79 እ.ኤ.አ. በቬሱቪየስ ተራራ ፍንዳታ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ በተፈጥሮ ታሪኩ 34ኛ መጽሐፍ ለሐውልት የሚሆን ብሎ የጻፈውን ነው። መዳቡ መጀመሪያ ይቀልጣል፤ ከዚያ ሲሶውን ያህል በአገልግሎት ያረጀ፣ ከሰው የተገዛ ነሐስ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም በየመቶው 12 ተኩል «አርጀንታሪየም» የተባለው ቅይጥ ይገባበታል። አርጀንታሪየም እኩል ቆርቆሮና እኩል እርሳስ የተደባለቀበት መሆኑን ያው ፕሊኒ ሌላ ቦታ ይናገራል። 600 ግራም መዳብና 200 ግራም አሮጌ ነሐስ 800 ስለሚሆን የሚያስፈልገኝ 100 ግራም አርጀንታሪየም ነው።

ይህን 100 ግራም ያገኘሁት ከሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ነው። ጠጋኞቻችን ስታኞ የሚሉት የብየዳ ሽቦ፣ የእርሳስ ዓይነቱ፣ 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ስለሆነ፣ 83 ግራም ስታኞ ላይ 17 ግራም እርሳስ ስጨምር ሁለቱ 50 በ50 ይወጣሉ። ስታኞ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ በኩል ከላቲኑ «ስታኙም» መምጣቱን ለጋሼ ብነግራቸው፣ ቃሉ ከየትም ይምጣ ጭሱን እንዳልስበው መከሩኝ።

ጥቅምት 19

ከማቅለጫ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ለቁፋሮ ባለሙያ ብዙ የሚነግረው ማቅለጫ ጽዋው ስለሆነ ብዙ ቀን የወሰድኩት እርሱ ላይ ነው። ነሐስ የትም ቢወድቅ ይለቀማል፤ የተሰነጠቀ ጽዋ ግን ለማንም አይጠቅምምና ይጣላል። በሮማውያን ዘመን የነበረው ጽዋ ብዙውን ጊዜ በሸክላ መንኮራኩር የተሠራ፣ ግድግዳው ቀጠን ያለ፣ አሸዋ የበዛበት ሲሆን፣ ብዙዎቹ በውጭ በኩል በእጅ የተለጠፈ ሌላ ወፍራም የጭቃ ልባስ አላቸው። በማከማቻው ውስጥ ይህን ልባስ ስመለከት የሠራተኛው ግዴለሽነት ይመስለኝ ነበር፤ ጥሩ አድርጎ የተሠራን ጽዋ ለምን በጭቃ ያበላሹታል እል ነበር።

እኔ መንኮራኩር ስለሌለኝ ከሸክላ ሠሪዎች የገዛሁትን አፈር ከተፈጨ ነጭ ድንጋይና ከወንፊት አሸዋ ጋር ለውሼ፣ በእጄ አራት ጽዋዎች አበጀሁ። እያንዳንዳቸው የሲኒ ያህል ከፍታ ኖሯቸው ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ አንድ ኪሎ ገደማ የቀለጠ ነሐስ ይይዛሉ። ሁለቱን ያለ ልባስ ተውኳቸው፤ ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 26

የሰሙን አውራ ዶሮ ጋሼ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰውታል። የሠሩት ከንብ ሰም ነው፤ ጭቃ ከተለበጠበት በኋላ ሰሙ በሙቀት ቀልጦ ይወጣና ነሐሱ በባዶው ቦታ ይፈሳል። የክንፉን ላባ በተሳለ የእንጨት ጫፍ አንድ በአንድ ጭረው፣ ዐይኑን በመርፌ ነቁጠው፣ ጭራውን እንደ ማጭድ አጎበጡት። እኔ ጭራው ቀጥኗል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው «አውራ ዶሮ ያለ ጭራ ምኑ ነው?» አሉኝ። ዶሮው 28 ግራም፣ ነሐሱ የሚገባበት ማፍሰሻና አየሩ የሚወጣባቸው ሁለቱ ማስተንፈሻዎች 12 ግራም ሰም ወሰዱ። ነሐስ ከሰም ዘጠኝ እጥፍ ያህል ስለሚከብድ 360 ግራም ቅልጥ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

ቅርጽ ማውጫውን የለበጥነው በሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያው በጨርቅ የተጣራ ጭቃ፣ የተወቀጠ ከሰልና የተነፋ ፋንድያ ተደባልቆ፣ በላባ እየተነከረ ሰሙ ላይ የተቀባ ነው፤ የላባውን ጭረት የሚይዘው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭድ የበዛበት ወፍራም ጭቃ ሲሆን፣ ጭዱ ሲቃጠል የሚተወው ቀዳዳ ለእንፋሎቱ መውጫ ይሆናል። በጥቂት ገሎች ላይ አይቼው የነበረው የጥቁር ውስጥና የቀይ ውጭ ልዩነት ከዚህ መምጣቱ አሁን ገባኝ፤ ውስጡ ከሰሉን፣ ፋንድያውንና የተቃጠለውን ሰም ይዞ ይጠቁራል፤ ውጩ አየር እያገኘ ይቀላል።

ሮማውያን ሁሉንም ነገር በሰም ያፈሱ እንዳልነበር መጥቀስ ይገባል። በእንግሊዝ ካስልፎርድ የተገኙት የማንኪያ ቅርጽ ማውጫዎች በሁለት ክፍል የተገጠሙ የሸክላ ቅርጾች ናቸው፤ ሥራው ብዙ አንድ ዓይነት ዕቃ ማውጣት ሲሆን እያንዳንዱን በሰም መቅረጽ ጊዜ መጨረስ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ነሐሱን ለማውጣት ሲባል ይሰበሩ ነበር።

ኅዳር 4

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ።

የጀመርነው አመሻሽ ላይ ነው፤ ጋሼ ቅልጡን የሚያውቁት በመልኩ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ብርቱካናማውን ከቢጫው መለየት አይቻልም አሉ። መሬት ውስጥ የተቆፈረ ክብ ምድጃ፣ ዙሪያው ጡብ፣ ከጎኑ የወናፉ አፍ የገባበት የሸክላ ቱቦ፣ በመካከሉ ልባስ የሌለው ጽዋ፤ ውስጡ ከጠቅላላው ግማሹን፣ ማለትም 450 ግራም አደረግን። መዳብ ለብቻው 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ወናፉን ሲነፋ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ከሰሉ ነጭ አልሆነም። የቧንቧው ቁራጭ ሲገባ ወዲያው ነጭ ጭስ ተነሣ። የሚተነው ዚንኩ ነው፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ መዳቡ ከሚቀልጥበት ሙቀት በፊት ነው የሚሄደው። ሁላችንም ወደ ነፋሱ መምጫ ዞርን።

ጽዋው ሲነሣ ደህና ነበር። ጋሼ በጉጠቱ ይዘው ወደ ቅርጽ ማውጫው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ከታች በኩል ፀጉር የመሰለች መስመር ቀላች፤ ከዚያ የጽዋው ቂጥ ወደቀና ነሐሱ በሙሉ ዐመዱ ላይ ተዘረገፈ። ማንም አልተነካም። ጋሼ የጽዋውን ግማሽ በጉጠቱ እንደያዙ ቆመው፣ «ካፖርት አላለበስከውም» አሉኝ።

ያ ልባስ የግዴለሽነት ሥራ አልነበረም። የእሳቱን ቀጥተኛ ምት ተቀብሎ እየቀለጠ ብርጭቆ ይሆናል፤ ውስጠኛው ቢሰነጠቅ ቅልጡን ይይዘዋል፤ ከምድጃ እስከ ቅርጽ ማውጫ ባለችው አጭር መንገድም ሙቀቱን ያቆያል። በልቤ የወቀስኳቸውን ሰዎች በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ኅዳር 5

ዐመዱ ሲበርድ በእጅ የለቀምነው 388 ግራም ሆነ። የቀረውን በሽሮ ወንፊት ስነፋው ከምስር እስከ ጤፍ የሚያህሉ ድቡልቡል ጠብታዎች 31 ግራም ወጡ። ሌላ 31 ግራም የለም፤ ከፊሉ በጭስ ሄዷል፣ ከፊሉ ዐመዱ ውስጥ ዱቄት ሆኗል። የብረት ቀጥቃጭ ቤት ወለል ላይ የሚቀረው ቅርፊት ማግኔት ሲያልፍበት ይሰበሰባል፤ የነሐስ ጠብታ ግን ማግኔት አያነሣውም፤ አፈሩን ሳይነፉ የሚጥሉ ቆፋሪዎች የነሐስ ቤትን ሳያዩት አልፈው ሊሄዱ ይችላሉ። የሽሮው ወንፊት ለሽሮ አይመለስም፤ ለዚህም በቤት ውስጥ ተገቢውን ወቀሳ ተቀብያለሁ።

ኅዳር 18

ሁለተኛው ሙከራ፤ ልባስ ባለው ጽዋ። የተለቀመውን 419 ግራም ከቀረኝ 450 ጋር ደምሬ 869 ግራም አገባሁ። የቅልጡ ፊት አየር እንዳያገኘው በከሰል ስብርባሪ ሸፈንነው፤ ስታኞውና እርሳሱ እንዳይቃጠሉ መጨረሻ ላይ ገቡ። በዚህ ጊዜ ሁለት ወናፍ ነበረን፤ ከተዋስኩት የሙቀት መለኪያ 1,130 ዲግሪ ሳነብ ጋሼ መለኪያውን ሳያዩ «በቅቷል» ብለው ነበር።

ቅርጽ ማውጫውን ሰሙን አስወጥተን እስኪቀላ አግለነው፣ አፉን ወደ ላይ አድርገን አሸዋ ውስጥ ቀብረነዋል። ሲፈስ ድምፁ ውኃ በጠርሙስ እንደሚሞላ ነው፤ መጀመሪያ ወፍራም፣ ከዚያ እየቀጠነ ይሄዳል። አንደኛው ማስተንፈሻ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ብቅ ሲል ጋሼ አቆሙ፤ የተረፈውን አሸዋ ላይ በተጫረ ቦይ ውስጥ ደፉት። ሁለተኛው ማስተንፈሻ ላይ ግን ምንም አልታየም።

ኅዳር 20

ቅርጽ ማውጫውን በትንሽ መዶሻ ሰበርነው። ከጥቁሩ ጭቃ ውስጥ መጀመሪያ ኩክኒው፣ ቀጥሎ ክንፉ ብቅ አለ፤ በመርፌ የተነቆጠው ዐይን ሳይቀር ወጥቷል። ጭራው የለም። ነሐሱ እስከ ጭራው ሥር ደርሶ እዚያው ረግቷል፤ ጫፉ ድቡልቡል ሆኗል። ያልታየው ማስተንፈሻ የተደፈነው በጭድ ዐመድ ነበር። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፣ «ቀጥኗል ብለኸኝ ነበር» አሉ።

ሮማውያን እንዲህ ያለውን ጉድለት እንዴት ይጠግኑ እንደነበር ከራሳቸው ሐውልቶች ይታያል። አረፋ የፈጠረውን ቀዳዳ አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡና በልኩ የተቆረጠ የነሐስ ቁራጭ ይገጥሙበታል፤ ተለያይተው የተፈሰሱ ትልልቅ ክፍሎችን ደግሞ በመገጣጠሚያው ላይ በተርታ የተጠረቡ ሞላላ ጉድጓዶች ውስጥ ቅልጥ ነሐስ በማፍሰስ ያያይዛሉ። ፕሊኒ የኔሮን ግዙፍ ሐውልት የሠራውን ዜኖዶሮስን ከቀደሙት ከማንም የማያንስ ባለሙያ ነው ካለ በኋላ፣ ነሐስ የማፍሰስ ዕውቀቱ ግን ጠፍቷል ብሎ ያዝናል። ፕሊኒ የራሱን ዘመን ማማት ይወዳል፤ በየከተማው የሚገኙት መጠገኛዎች ሥራውን አብጥሮ የሚያውቅ እጅ ይታይባቸዋል። እኛም የጭራውን ሥር ቦርቡረን፣ በሰም ሌላ ጭራ ሠርተን ለማፍሰስ ተስማማን፤ ይህ ግን ለሌላ ወር ነው።

ኅዳር 24

ሒሳቡ ይህ ነው። ከገባው 869 ግራም ውስጥ ዶሮው ከነማፍሰሻው 352፣ ቦዩ ውስጥ የረጋው 455፣ በዐይን ታይቶ የተለቀመው ፍንጣቂ 29 ግራም ሲሆን፣ 33 ግራም ጎድሏል። ማፍሰሻዎቹ ተቆርጠው 121 ግራም ሆኑ፤ ዶሮው 231 ግራም ይመዝናል። ማፍሰሻውም፣ ቦዩ ውስጥ የረጋውም፣ ፍንጣቂውም ተመልሰው ጽዋ ይገባሉና ከዚህ ሁሉ ለወደፊት ቆፋሪ የሚቀርለት ወለሉን ነፍቼ ያገኘሁት 6 ግራም ጠብታና ከሞረድ ሥር የተጠረገ 4 ግራም ዱቄት ነው። ሙሉ ዕቃ የሚገኘው አንድ ነገር ሥራውን ሲያቋርጠው ነው። በዚያው የቬሱቪየስ ፍንዳታ በተቀበረችው ፖምፔይ ውስጥ ቬሩስ የተባለ የነሐስ ሠራተኛ ሱቅ ነው በሚባለው ቤት በ1912 እ.ኤ.አ. የመሬት ቀያሽ መሣሪያ የሆነው ግሮማ የብረት ክፍሎቹ የተገኙት ምናልባት ለጥገና መጥቶ ሳለ ተራራው ስለቀደመው ነው፤ በስዊዘርላንድ ኦግስት በ28ኛው ኢንሱላ በ1961 እ.ኤ.አ. የተገኘው የተሰባበረ የፈረስ ሐውልት ክምችትም ወደ ማቅለጫ ሳይደርስ የቀረ ቁርጥራጭ ነው።

ጽዋውን በማጉያ መነጽር አየሁት። የውጩ ልባስ አረንጓዴና ጥቁር ብርጭቆ ሆኗል፤ አፉ አጠገብ መዳቡ የሰጠው እንደ ደም የቀላ ጠብታ አለ። ይህን ጽዋ በኤክስሬይ መለያ ብናስነብበው ዚንኩ ከልኩ በላይ ጎልቶ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ ዚንክ ተንኖ በጽዋው ግድግዳ ውስጥ ስለሚሰርግ፣ በቅይጡ ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢሆንም ሸክላው ላይ ይከማቻል። ስለዚህ በአንድ ገል ላይ ዚንክ ስለታየ ብቻ እዚያ ቤት የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ይሠራ ነበር ማለት አይቻልም፤ እንደኔ አንድ አሮጌ የቧንቧ ቁራጭ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። መዳብን ከዚንክ ማዕድን ጋር ዘግተው የሚያግሉባቸው፣ እንደ ፈረንሳይዋ ሊዮንና እንደ ጀርመኗ ዛንተን ባሉ ከተሞች የተገኙት ትንንሽ ባለ ክዳን ጽዋዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እነርሱን ክዳናቸው ራሱ ይለያቸዋል።

ቅርጽ ማውጫው 63 ቦታ ተሰብሯል፤ የላባ ጭረት የሚታይባቸው 5 ብቻ ናቸው። ከ63ቱ 12ቱን፣ ጭረት ያላቸውን 2 ጨምሬ፣ ከ6 የጽዋ ገሎችና ከ10 ጠብታዎች ጋር ጓሮው ጥግ አንድ ክንድ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቀበርኳቸው። ክረምቱ ሲያልፍ አወጣቸዋለሁ።

መስከረም 22

ጉድጓዱን ዛሬ በማንኪያና በብሩሽ ከፈትኩት። ጋሼ በርጩማ አምጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ አዲሱ ጭራ የተገጠመለት ዶሮ ከሐምሌ ጀምሮ እርሳቸው ቤት ነው።

ስድስቱ የጽዋ ገሎች ታጥበው ያው ናቸው። ከአሥሩ ጠብታዎች ዘጠኙን አገኘሁ፤ ጠቁረው አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ ነቁጥ አውጥተዋል። ከቅርጽ ማውጫው 12 ስባሪዎች 5ቱ ጠርዛቸው ተሸርሽሮ አሉ፤ አንደኛው ላይ ሦስት የላባ መስመሮች በጎን ብርሃን ይነበባሉ። የቀሩት ሰባቱ፣ ሲጋገሩ ከእሳቱ ራቅ ባለው ጎን የነበሩትና በደንብ ያልበሰሉት፣ በክረምቱ ውኃ ሟሙተው አንድ መዳፍ የምትሞላ ቀላ ያለች ለስላሳ ጭቃ ሆነዋል፤ ሁለተኛው ጭረት ያለው ስባሪም ከእነርሱ ጋር ሄዷል።

ጭቃዋን ለብቻ በከረጢት አድርጌ ቀኑንና ጥልቀቱን ጻፍኩ። ምንነቷን የሚሞላው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ከልማዱ «የተቃጠለ አፈር፣ ምንነቱ…» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሰርዤ «ቅርጽ ማውጫ፣ የክንፍ በኩል» ብዬ ጻፍኩበት።